መሪውን ማን ያዘው?

ጥቅምት 9 ቀን

ለልጄ ለሚጣ፣

ሰባ ስምንት ዓመት ሞላኝ። እስካሁን የጭነት መኪና ጎማ በራሴ አወልቃለሁ፣ ክሪኩን በራሴ አነሳለሁ፣ ካላማዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋው የሚወጣበትን ቀዳዳ በራሴ ዓይን አያለሁ፣ ሸሚዜን በራሴ አጥባለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ በራሴ እጅ እጽፋለሁ። ስለዚህ «የሚያግዝህ ሰው ልላክልህ ወይ?» ላልሽው መልሱ አይሆንም ነው። ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ። ፊደሌ እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ ቢረግጥም ካሰበበት ይደርሳል። ነፍሷን ይማርና እናትሽ ስታስተምረኝ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ፊደል ጎማ አይደለም፣ በመዶሻ አትምታው» ትለኝ ነበር። ስልኩን ደግሞ ተይው። በስልክ ስታወሪኝ ግማሹን ጆሮዬ ይበላዋል። ወረቀት ግን ደጋግሜ አነበዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር! ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ቀና ብል ፎቶሽ ቴሌቪዥን ላይ! የእኔ ልጅ! ባርኔጣሽን አድርገሽ፣ አንድ ሽበታም ሰውዬ አጠገብሽ ቆሞ! «ልጄ ናት!» ብዬ ብድግ ስል ጠረጴዛው ተገለበጠና ሻዩ ፀጉር ቆራጩ ጭን ላይ ፈሰሰ። «ልጅህ ያን ሁሉ ሰው አዳነች፣ አንተ እኔን ቀቀልከኝ» አለኝ። ይቀቀል! ምን አገባኝ!

ዜና አንባቢዋ ያወራችው እንዲህ ነው፦ አውቶፓይለቱ ሰማይ ላይ ድንገት ሥራ አቆመ፣ ሁለቱ አብራሪዎች በእጃቸው ነድተው ሰዉን በሙሉ በሰላም አወረዱ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ይሄ አውቶፓይለት የሚሉት ሰውዬ ማን ነው? እንዴት ያለው ባለጌ ነው ሰማይ ላይ ሥራ ጥሎ የሚሄድ? በእኛ ሙያ መንገድ ላይ ጥሎህ የሄደ ረዳት ሁለተኛ አይቀጠርም። ስሙን ብቻ ንገሪኝ።

ካፒቴንነቱንስ ሰጡሽ? ሜዳልያስ? አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። ልቤ እንደ ኮምፕረሰር እየደለቀ ነው።

አባትሽ

ጥቅምት 17 ቀን

አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? መልሴ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። ብዙ የምጽፈው ነገር ነበረብኝ።

ደህና ነኝ። አንድም ሰው አልተጎዳም። አውቶፓይለት ሰው አይደለም፣ ስድብህን መልሰው። አውሮፕላኑን በሰጠነው መንገድ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መሣሪያ ነው። አንዳንዴ ይበላሻል። ሲበላሽ ደወል ይጮሃል፣ እኛም መሪውን እንይዛለን። የሠለጠንነው ለዚሁ ነው። በዚያን ቀን ከደወሉ ሌላ፣ በጉልበታችን አጠገብ ያለች እንደ ጎማ የምትሽከረከር ክብ ነገር አለች፣ እሷ ብቻዋን መዞር ጀመረች። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይና ወደ ታች የምታዘነብል እሷ ናት። አስቆምናት። ይኸው ነው።

ሜዳልያ የለም። የካፒቴንነቱ ነገር በኅዳር መጨረሻ ይታወቃል። ፎቶው ላይ አጠገቤ ያሉት ሽበታም ሰው ካፒቴኑ ናቸው። ቤታቸው አንተ ካለህበት ከተማ ነው፣ ሥራቸው ግን እዚህ ነው። አሁን እኔ እረፍት ላይ ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ስለዚህ ነገር ለሰው ብዙ አታውራ፣ እባክህ።

ሚጣ

ጥቅምት 24 ቀን

ለልጄ ለሚጣ፣

አታውራ ያልሽው ዘግይቶ ደረሰኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለሻይ ቤቱ አውርቻለሁ፣ ለፀጉር ቆራጩ ፀጉሬን ሲቆርጥ አውርቻለሁ፣ ባይቆርጠኝም አውርቻለሁ፣ ጎማ ሊያስነፋ ለመጣ ሁሉ ነፍቼለታለሁ፣ ጎማውንም ወሬውንም። አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር በጣም ከመገረሙ የተነሳ መለዋወጫ ጎማውን ረስቶ ሄደ። «ልጄ እኮ» አልኩት፣ «ደወሉ ገና ሳይጮህ እጇ መሪው ላይ ነበር! ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም!» አልዋሸሁም፣ አውቅሻለሁ።

ደግሞ ጎማ አለ ማለትሽ! አውሮፕላን ውስጥ፣ ጉልበታችሁ አጠገብ፣ ጎማ! ይሄን ስሰማ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ። ልጄ ከጎማ ሸሽታ ሰማይ ወጣች፣ ጎማ ተከትሏት ሄደ። ልብስ ሰፊው ሰምቶ «ካላማዳሪ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ እንዳታለባብሺ። እረፍት ላይ ያለ ሰው ለምን ቤቱ አይመጣም? ባለፈው እረፍትሽ ሦስተኛው ቀን ላይ በሬን አንኳኩተሻል። እናትሽ የሆነ ነገር ስትደብቀኝ ንግግሯ ያጥር ነበር። ያንቺ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ሞልቶ አጭር ነው። ታመሻል? አባረሩሽ? ማን ምን አለሽ? ካልነገርሽኝ ሱቁን ዘግቼ አውቶብስ ላይ እወጣለሁ፣ ታውቂኛለሽ።

አባትሽ

ኅዳር 2 ቀን

አባዬ፣

አዎ፣ ደብቄሃለሁ። ይቅር በለኝ። አልታመምኩም። አላባረሩኝም። ግን ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ እንዳልበር ታግጃለሁ። ካፒቴኑም ታግደዋል።

እኛ «አባ ረጋ» ነው የምንላቸው። መብረቅ አጠገባቸው ቢወድቅ «ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ» የሚሉ ሰው ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በዚህ ዓመት ጡረታ ይወጣሉ።

አንድ ደንብ አለን። መሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ተቀባዩ ጮክ ብሎ «ያዝኩ» ይላል፣ ሰጪውም «ያዝሽ» ወይም «ያዝክ» ብሎ ያረጋግጣል። አውቶፓይለቱ እየነዳ ቢሆንም እንኳ ኃላፊው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በዚያን ቀን አባ ረጋ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ እንደ ደንቡ ሰጡኝ። ሲመለሱ «ይረከቡኝ» አልኳቸው። «ቀጥይ ልጄ፣ ጥሩ ይዘሻል» አሉኝ። «ኧረ እርስዎ ተቀምጠው እኔ!» አልኩ። «ተይ እንጂ፣ ነገ ካፒቴን ትሆኚ የለ?» አሉ። «አይሆንም፣ እርስዎ» አልኩ። ተሳሳቅን። «ያዝኩ» ያለ ሰው ግን አልነበረም። እሳቸው ለእኔ የተዉልኝ መሰላቸው፣ እኔ ለእሳቸው የመለስኩላቸው መሰለኝ።

በዚሁ መሃል አውቶፓይለቱ ተቋረጠ። ደወሉ ጮኸ፣ ክቧ ብቻዋን መሽከርከር ጀመረች፣ አፍንጫው ወደ ታች ሄደ። እሳቸው ይይዙታል ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። እሳቸውም እኔ እይዘዋለሁ ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ተያየን። አባዬ፣ ስንተያይ ያን አውሮፕላን ማንም አልያዘውም ነበር።

ከዚያ «ያዝኩ!» ብዬ ጮህኩና ያዝኩ። መሪው እንደ ወይፈን ይጎትተኛል። «ቁረጠው!» አልኳቸው። አዎ፣ አንተ ብዬ! እሳቸውም የክቧን ማጥፊያ ቀጭ አድርገው «ቆርጫለሁ እመቤቴ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ መሬት እስክንነካ ድረስ ያለው፣ አባዬ፣ በሕይወቴ ካበረርኩት ሁሉ ያማረ ነበር። እሳቸው ፍጥነቱን ይነግሩኛል፣ ቁመቱን ይነግሩኛል፣ እኔ በእጄ ደመናውን እየሰነጠቅኩ እወርዳለሁ። መዝፈን መዝፈን ይለኝ ነበር።

ችግሩ ይኸውልህ። ድምፅ መቅጃው አሮጌውን እያጠፋ አዲሱን ነው የሚይዘው። ከዚያ በኋላ ብዙ ስለበረርን «እርስዎ፣ አንቺ» ስንባባል የነበረው ጠፍቷል። ሌላው መሣሪያ ግን መሪውን ማንም ያልነካበትን ጊዜ መዝግቦታል። ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ «በዚያች ሰዓት ኃላፊው ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አባ ረጋ ሳይነግሩኝ ቃላቸውን ጽፈው ሰጡ፦ «መሪውን ተረክቤ ነበር። የደነገጥኩት እኔ ነኝ። እሷ ከእጄ ነጥቃ አዳነችን።»

የእኔ ቃል ገና ነው። ዝም ካልኩ ካፒቴንነቱ የእኔ ነው። እሳቸው ግን ያን ሁሉ ዘመን በክብር በረው፣ መጨረሻ ላይ «ደነገጠ» ተብለው ይሸኛሉ። እውነቱን ከተናገርኩ ደንቡን እኔም አፍርሻለሁና የእኔ ነገር ሊያበቃለት ይችላል።

ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ሚጣ

ኅዳር 8 ቀን

ለልጄ ለሚጣ፣

ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።

ሽማግሌ ደግ ነገር ሲያደርግልሽ እጅ ትነሻለሽ እንጂ መልሰሽ ፊቱ ላይ አትወረውሪም። ፈርመው የሰጡትን ሰው ኮሚቴ ፊት ቆመሽ «ይዋሻሉ» ልትያቸው ነው? አንድ ጊዜ አንተ ማለትሽ አይበቃም? እሳቸው በልተው ጠግበዋል፣ በረው ጠግበዋል። አንቺ ገና ነሽ። ደግሞ እኔን አስቢኝ። ሰፈሩ በሙሉ «የጀግናዋ አባት» እያለ ነው ሰላም የሚለኝ። ፀጉር ቆራጩ ወንበሩን ለቆልኛል። አሁን ደግሞ «ለካ እጇን ሰብስባ ነበር» ልበላቸው?

እኔ ራሴ ቤታቸው ሄጄ አመሰግናቸዋለሁ። ለልጅ የተደረገ ውለታ የአባት ዕዳ ነው። ከሥራ ታግደዋል ካልሽ እቤታቸው ነው የሚሆኑት። አድራሻውን ባትጽፊልኝም ግድ የለም። የዚህ ከተማ ታክሲ ነጂ ሁሉ ጎማውን የሚያስጠግነው እኔ ዘንድ ነው፣ አብራሪ የት እንደሚኖር የማያውቅ የለም።

ሸሚዜን አጥቤ አስጥቻለሁ።

አባትሽ

ኅዳር 12 ቀን

አባዬ፣

እንዳትሄድ! እባክህ። እንደማውቅ አያውቁም። የጻፉትን ያሳየችኝ የኮሚቴው ጸሐፊ ናት። ሄደህ ካመሰገንካቸው ያፍራሉ። ካልሄድክ ደግሞ አንተ አታርፍም፣ አውቃለሁ። ብቻ አትሂድ። ለእኔ ስትል።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ ምንም እንዳታደርግ።

ሚጣ

ኅዳር 15 ቀን

ለልጄ ለሚጣ፣

አትሂድ ያልሽው ስመለስ በሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ሄጄ ነበር። አንዴ ከሆነ ሆነ፣ አትቆጪ፣ ብዙ የምነግርሽ አለ! እጄ ሐሳቤ ላይ አልደርስ ብሎኛል።

በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው፣ በነጠላ ጫማ። «የሚጣ አባት ነኝ» ስላቸው ሁለት እጄን ያዙና አልለቅም አሉ። «ይግቡ» አሉኝ። «ይቅደሙ» አልኩ። «ኧረ እርስዎ ታላቄ ነዎት!» «ቤቱ የእርስዎ ነው!» «አይሆንም!» «እኔም አልገባም!» ይሄን ስንባባል ድመታቸው በመሃላችን ሾልካ ገባች። ከጓዳ ሚስታቸው፣ «ድመቷ ገብታለች፣ እናንተስ ትገባላችሁ ወይስ ወንበር ላውጣላችሁ?» አሉ።

ገባን። ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። ከግድግዳ የወረደ ፎቶ ሁሉ በጋዜጣ እየተጠቀለለ ነው። ምን እየሠሩ ነው ብል፣ «የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ እየሰበሰብኩ ነው» አሉ። «የሽኝት ግብዣው ቀርቷል፣ በዚህ ሁኔታ አይመችም» አሉ። እንዲህ ሲሉ ፈገግ ብለው ነው። ሚስታቸው ግን ፈገግ አላሉም። ትሪውን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እኔ ያጠናሁትን ምስጋና ጀመርኩ። «ለልጄ ያደረጉላት…» ስል አቋረጡኝ። «ምን ነገረችዎት?» አሉ። መዋሸት አልቻልኩም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ይቺ ልጅ ምነው ዝም ብትል?» አሉ። «ለልጅ መንገድ መልቀቅ የአባት ነው። እኔ ዘመኔን ጨርሻለሁ፣ አንድ ቃል ቢጨመርብኝ አይከብደኝም። እሷ ግን እውነቱን ከተናገረች ካፒቴንነቱን ታጣለች፣ ስለዚህ አስቀድሜ ያዝኩላት።»

ልጄ፣ ያኔ ደሜ ፈላ። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ እኔም አልገባኝም። ተነስቼ ቆምኩ። «ስሙኝ» አልኳቸው፣ «እሷ እርስዎ እንዳይዋረዱ ትላለች። እርስዎ እሷ እንዳትጎዳ ይላሉ። እሷ እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ እሷ ትቅደም! እናንተ ሰዎች፣ ከሰማይ ወርዳችሁም እስካሁን ያን አውሮፕላን ማንም አልያዘውም እኮ!» ጠረጴዛውንም መታሁ መሰለኝ፣ አንድ ብርጭቆ ወድቋል። አባ ረጋ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ሚስታቸው ከመስኮቱ ዞረው፣ «እኔ ይህን ስናገር ከርሜአለሁ፣ እንግዳ ሲናገረው ነው የሚሰማው» አሉ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ለእሳቸው አልነገርኩም፣ ላንቺ ግን እነግርሻለሁ። እኔ የማንንም ጎማ በነፃ አልጠገንኩም፣ የማንንም ዳቦ በነፃ አልበላሁም። ያን ካርቶን ሳይ፣ ልጄ የምታደርገው ባርኔጣ ከዚህ ሽማግሌ ራስ ላይ የወለቀ ሆኖ ታየኝ። የእኔ ልጅ በምጽዋት ካፒቴን አትሆንም! ረዳት ሆነሽ ብታረጂ ይሻለኛል። መሬት ወርደሽ ከእኔ ጋር ቡሎን ብትፈቺ ይሻለኛል። ዝም አይነቅዝም ያልኩሽን ተይው፣ ይሄ ዝምታ ነቅዟል።

ኮሚቴው ፊት ቆመሽ «ያዝኩ» በያቸው። እሳቸውም ቃላቸውን ለማስተካከል እመጣለሁ ብለውኛል። ግን እሳቸውን አትጠብቂ! ገባሽ? ማንንም አትጠብቂ።

ስወጣ በሩ ላይ ማን እንደቀደመ እንዳትጠይቂኝ። ገፍቼ ወጣሁ።

አባትሽ

ኅዳር 27 ቀን

አባዬ! አባዬ!

ደብዳቤህ የደረሰኝ ስብሰባው በተጠራበት ዕለት ጠዋት ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ ሁለት ጊዜ።

ከእሳቸው በፊት ገባሁ። አልጠበቅኳቸውም። «የተያዘው ቃል ትክክል አይደለም፣ ኃላፊነቱን የተቀባበልን መስሎን ሳንቀባበል ቀርተናል፣ ጥፋቱ የሁለታችን ነው» አልኩ። ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለምን አልተቀባበላችሁም?» አለች። «ተከባብረን ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና አባ ረጋ ገቡ፣ ሙሉ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው። «ያለችው ሁሉ እውነት ነው። እኔ የጻፍኩት ውሸት ነው፣ እሰርዘዋለሁ» አሉና ቁጭ አሉ።

የምትጠይቀኝን ሁሉ ቀድሜ በየተራ ልመልስ። አይ፣ አልተባረርኩም። አይ፣ ካፒቴንም አልሆንኩም፣ ወደሚቀጥለው ዓመት ተገፍቷል። መጀመሪያ መሬት ላይ በተተከለው የልምምድ አውሮፕላን እንደ አዲስ እሠለጥናለሁ። አዎ፣ አለቀስኩ፣ ግን ለአንድ ከሰዓት ብቻ። አባ ረጋ ለሐሰት ቃላቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጥቷቸዋል፣ «ደነገጠ» የሚለው ግን ተሰርዟል። ሽኝታቸውም ተመልሷል! እስከዚያው የልምምዱ አሠልጣኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሳቸው! አሁን በየሰዓቱ አውቶፓይለቱን ያበላሹብኛል። በዝናብ ያበላሹታል፣ በጭጋግ ያበላሹታል፣ ውሃ ልጠጣ እጄን ስዘረጋ ያበላሹታል። ትናንት ብርጭቆው ከእጄ ሳይወርድ «ያዝኩ!» ብዬ ጮህኩ፣ በሳቅ ፈነዱ።

መሥሪያ ቤቱም አዲስ ትእዛዝ አውጥቷል። «ያዝኩ» እና «ያዝሽ» ሳይባል ከወንበር የሚነሳ፣ ወንበር ላይም የሚቀመጥ የለም። ጓደኞቼ «የሚጣ ሕግ» እያሉ ያሾፉብኛል።

ፈተናውን ካለፍኩ የመጀመሪያው በረራዬ፣ በረዳትነት፣ ወደ አንተ ከተማ ነው። ስመለስ አብረኸኝ ና። እሺ በለኝ! ለሰፈሩ ሰዎች ደግሞ እኔ መጥቼ ላስረዳልህ፣ አንተ አትጨነቅ።

ሚጣ

ታኅሣሥ 3 ቀን

ለልጄ ለሚጣ፣

እሺ! እመጣለሁ! ትኬቴን ግን ራሴ እቆርጣለሁ። በመስኮቱ በኩል እቀመጣለሁ፣ ከመስኮት ወዲያ ሌላ ነገር አልፈልግም። ከፈራሁም ፈራሁ አልልም፣ አንቺም አትጠይቂኝ። የጎማዋን ነገር ታሳዪኛለሽ። አትነካም ካሉ አልነካም።

ሳነበው ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። ጎማ ሊያስጠግን የመጣው ልጅ ምን ሆኑ አለኝ። «ልጄ ካፒቴን አልሆነችም!» ብዬ አቀፍኩት። ያበደ ሽማግሌ ነው ብሎ ሄደ።

«ለሰዎቹ እኔ መጥቼ ላስረዳ» ያልሽውን ግን አልቀበልም። ያንቺን ዕዳ አንቺ ከፍለሻል። ይሄኛው የእኔ ነው፣ ያወራሁትን የማፈርሰውም እኔ ነኝ። ለሻይ ቤቱ ሰዎች፣ እጅሽ ደወሉ ሳይጮህ መሪው ላይ ነበር ብያለሁና፣ አልነበረም እላለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ቆሜ። ፀጉር ቆራጩ የለቀቀልኝን ወንበር እመልስለታለሁ። እሱ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ፣ አንድ ሳምንት የሚበቃ ሳቅ አለብኝ። የጭነት መኪናው ሾፌር ጎማውን ሊወስድ ሲመጣ፣ ከጎማው ጋር እውነቱን አስረክበዋለሁ። እሱ በየመንገዱ ለስንቱ እንዳወራው አላውቅም፣ በመጣበት መንገድ እንዲመልሰው እለምነዋለሁ። የሰበርኩት የአባ ረጋ ሚስት ብርጭቆም አለብኝ።

የልብስ ሰፊው ይከብዳል። «ሁለተኛው ሰውዬ ያኔ ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔም አንቺን ከፍ ላደርግ ብዬ፣ «ተኝቶ ነበር» ብዬዋለሁ። ማንም ሳይነግረኝ፣ ከራሴ አምጥቼ። ጥርት ያለ ውሸት ነበር። እሱም ለደንበኞቹ አውርቶታል። ስለዚህ ከእሱ ጋር ደንበኛ በደንበኛ፣ በር በር ዞሬ እነግራቸዋለሁ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደ። ጉልበቴ ካልፈቀደም እያረፍኩ።

ከዚያ ያንን ሸሚዝ አጥቤ አባ ረጋ ቤት እመለሳለሁ። ሰምተውት እንደሆን አላውቅም። ባይሰሙትም ከአፌ ይሰሙታል፣ ፊት ለፊት፣ ሚስታቸውም እያሉ። ይሄን ማንም እንዳይከፍልልኝ። እኔው ራሴ እከፍለዋለሁ።

አባትሽ